የወላጅ ፈቃድ ወረቀት ለምን ይፈረማል?



የሆመቾ ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ለጉባኤ ወደ ሆሳዕና የሚሄዱ ቢሆን፣ አስቀድመን የወላጆቻቸውን ፊርማ እንሰበስባለን። ይህ ፊርማ በሕግ ፊት ምን ይሠራል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በወላጆቻቸው ወይም በሕጋዊ አሳዳጊዎቻቸው እንክብካቤ ሥር የመኖር መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። ስለዚህ ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላ ልጅ ከቤቱ ርቆ እንዲሄድ መፍቀድ የእነርሱ ሥልጣን እንጂ የእኛ አይደለም። ወረቀቱ ወላጁ ጉዞውን ዐውቆ መፍቀዱን፣ ልጁንም ለጊዜው በዐደራ መስጠቱን ያስረዳል።

ከኃላፊነት ግን ነጻ አያወጣንም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2028 በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው እንዲክስ ያዛል። ሕፃናትን ከልክ በላይ በተጫነ መኪና አሳፍረን አደጋ ቢደርስ፣ «ወላጅ ፈርሟል» ማለት መልስ አይሆንም።

በሀዲያ ብዙ አባቶች ለሥራ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል። ስለሆነም ልጁን በእርግጥ የሚያሳድገው ማን እንደሆነ እንጠይቅ። ልጁ ከአያቱ ጋር የሚኖር ከሆነ አያቱ ይፈርሙ፤ ወላጁም በስልክ ይጠየቅ።

ወረቀቱ የሚኬድበትን ቦታ፣ የመመለሻውን ሰዓት፣ የኃላፊውን ስም፣ የቤተሰቡን ስልክና ልጁ ሕመም ካለበት ያንኑ ይያዝ። አማርኛ ለማያነቡ በሀዲይኛ ይነበብላቸው፤ ሳይረዱ የፈረሙት ፈቃድ አይባልምና።