ፈቃደኛን ማሠማራት

ደመወዝ የማይከፈለውን ሰው እንዴት አድርገን እናሠራለን? ኤ.ኤፍ.ኤስ. የተባለው የተማሪዎች ልውውጥ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1915 ፈረንሳይ ውስጥ በጦርነት የቆሰሉትን በአምቡላንስ ባመላለሱ አሜሪካውያን ፈቃደኞች ተጀመረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ወደ ሌላ አገር እየላከ ከቤተሰብ ጋር ማኖር ያዘ።

ከአስተናጋጁ ቤተሰብ ሌላ፣ ተማሪውን እየጎበኘ ደኅንነቱን የሚጠይቅ አንድ ፈቃደኛ ይመደባል። ይህ ሰው የዚያ ቤት ሰው አለመሆኑን ልብ እንበል። ከአገሩ የራቀ ልጅ ከሚያበላው ቤተሰብ ጋር ቢቀያየም ለማን ይናገር? ለባለቤቶቹ እንዳይናገር ይሉኝታ ይይዘዋል።

እኛም አንድ ጊዜ ከሩቅ የሚመጡ ወጣቶችን ለመቀበል «ሁላችንም እንሄዳለን» ተባባልን። እያንዳንዳችን ሌላው ይሄዳል ብለን ቀረን። እንግዶቹ አውቶቡስ ተራ ሻንጣቸው ላይ እንደ ተቀመጡ መሸባቸው፤ አንዲቱ ታለቅስ ነበር። አሁንም ስናስታውሰው እናፍራለን።

ከዚያ ወዲህ ማን እንደሚቀበል፣ ማን እንደሚያሳድር፣ ያልተመቸው እንግዳ ለማን እንደሚነግር በስም እንጽፋለን። «አልችልም» የሚለውንም ቀድሞ ስለ ነገረን እናመሰግነዋለን፤ በቦታው ሌላ ሰው ለመፈለግ ጊዜ አለንና።