ለእንጨት ሥራ የሚመች የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ስለ መምረጥ

ሰው ያለ ምግብ ብዙ ቀን፥ ያለ ውኃም ጥቂት ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ያለ አየር ግን ከጥቂት ደቂቃ በላይ ሊኖር አይችልም። ስለዚህ የምንበላውን እህል ከጠጠርና ከእንክርዳድ እንደምንለቅም፥ የምንጠጣውንም ውኃ እንደምናጣራ ሁሉ፥ የምንተነፍሰው አየር ንጹሕ እንዲሆን መጠንቀቅ ይገባናል። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው አናጢዎችና በየትምህርት ቤቱ የእንጨት ሥራ የሚማሩ ወጣቶች ከእንጨት ብናኝ የሚጠብቃቸውን የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ እንዴት አድርገው እንደሚመርጡ ነው። መሸፈኛውንም እንደ ዛሬው ልማድ ጭምብል እያልን እንጠራዋለን።

የእንጨት ብናኝ የሚያመጣው ጉዳት

እንጨት በመጋዝ ሲቈረጥ፥ በመላጊያ ሲላግ፥ በብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ የሚወጣው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ፍቅፋቂውና ሰጋቱራው ክብደት ስላለው ወዲያው ወደ መሬት ይወድቃል፤ ዓይን ስለሚያየውም ሰው ይጠነቀቀዋል። አብልጦ የሚያሰጋው ግን ዓይን የማያየው ረቂቅ ብናኝ ነው። የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺሕኛው ክፍል ማይክሮን ይባላል። የሰው ጠጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል ሲሆን፥ ከ10 ማይክሮን በታች የሆነው ብናኝ በአየር ላይ ለረጅም ጊዜ ተንሳፎ ይቆያል፤ የአፍንጫን ጠጉርና ንፍጥ አልፎም እስከ ሳምባ ድረስ ሊደርስ ይችላል። እንዲህ ያለው ረቂቅ ብናኝ በብዛት የሚወጣው እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ወይም በማለስለሻ መኪና በሚታሽበት ጊዜ ነው። ኤም ዲ ኤፍ የተባለው፥ ከእንጨት ቃጫና ከሙጫ ተጨምቆ የሚሠራው ጣውላም ሲቈረጥ እጅግ የላመ ብናኝ ያወጣል።

ይህ ብናኝ አፍንጫን ያፍናል፥ ያስነጥሳል፥ ዓይንን ያሳክካል፥ ጉሮሮን ያደርቃል። በአንዳንድ ሰው ላይም አስም ያስነሣል። አስሙ አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ ጥቂት ብናኝ እንኳ ደረትን ሊያፍን ስለሚችል፥ ባለሙያው ዕድሜውን ሙሉ የኖረበትን ሥራ ለመተው የሚገደድበት ጊዜ አለ።

ከዚህም የከፋ አለ። በእንግሊዝ አገር የምትገኘው ሃይ ዊኮም የምትባለው ከተማ በወንበር ሥራ የታወቀች ነበረች። በዚያ ይሠሩ የነበሩት ኤስሜ ሃድፊልድ የተባሉት ሴት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው፥ በሌላው ሕዝብ ላይ እጅግ በጥቂቱ የሚታይ አንድ ዓይነት የአፍንጫ ውስጥ ካንሰር በቤት ዕቃ ሠሪዎች ላይ በዝቶ መታየቱን አስተዋሉ፤ ጥናታቸውም እ.ኤ.አ. በ1968 ታትሞ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መካከል መቍጠሩን አስታወቀ። በሽታው የሚገለጠው ከብዙ ዓመታት በኋላ ስለሆነ፥ «እስከ ዛሬ ምንም አልሆንሁም» ማለት ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

አስቀድሞ ብናኙን መቀነስ

ጭምብል የመጨረሻው መከላከያ ስለሆነ፥ ከእርሱ አስቀድሞ ብናኙ በአየር ላይ እንዳይበተን መጣር ያስፈልጋል። መኪናው ብናኝ መሳቢያ ካለው ሥራው ከመጀመሩ በፊት መሳቢያውን ማስነሣት፥ ከሌለውም በደጅ ወይም በርና መስኮት ተከፍቶ፥ ነፋሱ ብናኙን ከፊት በሚያርቅበት አቅጣጫ ቆሞ መሥራት ይገባል። ወለሉን በደረቁ ከመጥረግ ይልቅ ውኃ አርከፍክፎ መጥረግ ይሻላል። ገበታንና ልብስን በተጨመቀ አየር መንፋት ግን የወደቀውን ብናኝ እንደገና ወደ አየር ስለሚያነሣ መቅረት አለበት። ይህ ሁሉ ተደርጎ የሚተርፈውን ብናኝ ነው ጭምብሉ የሚከለክለው።

ምቾት ራሱ የጥበቃው ክፍል ስለ መሆኑ

ጭምብል ገዝቶ በምስማር ላይ የሚሰቅል፥ ወይም ወደ አገጩ አውርዶ የሚሠራ አናጢ ጥቂት አይደለም። ምክንያቱን ቢጠይቁት «አፈነኝ፥ አላበኝ፥ መነጽሬን ጉም ሸፈነው፥ ጆሮዬን ቈረጠኝ» ይላል። ይህን ሰው ሰነፍ ብሎ መንቀፍ ጥቅም የለውም፤ የማይመች ዕቃ ስለ ተሰጠው ነውና። የነገሩ ክብደት በሚከተለው ሒሳብ ይታወቃል፤ አስተማሪዎችም በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሊያሠሩት ይችላሉ።

አንድ ሠራተኛ ያለ ጭምብል በአንድ ሰዓት የሚተነፍሰውን ብናኝ 100 እጅ እንበለው። በ8 ሰዓት ሥራ 800 እጅ ይተነፍሳል ማለት ነው። የሚተነፍሰውን ብናኝ ወደ አንድ ሃያኛ የሚቀንስ ብርቱ ጭምብል ቢያደርግና ፈጽሞ ባያወልቀው፥ በሰዓት 5፥ በቀን 40 እጅ ብቻ ይደርሰዋል። ነገር ግን ጭምብሉ ስላልተመቸው አንድ ሰዓት አውልቆ ቢሠራ፥ በ7 ሰዓት 35፥ በአንዷ ሰዓት 100፥ በጠቅላላው 135 እጅ ይተነፍሳል። ጓደኛው ግን ብናኙን ወደ አንድ አሥረኛ ብቻ የሚቀንስ፥ ነገር ግን የሚመች ጭምብል አድርጎ ቀኑን ሙሉ ሳያወልቅ ቢሠራ የሚደርሰው 80 እጅ ነው። ብርቱውን ጭምብል ያደረገው ሰው ያወለቀው ግማሽ ሰዓት ብቻ እንኳ ቢሆን 87 ተኩል እጅ ይደርሰዋል፤ ይህም ከጓደኛው ይበልጣል።

ከዚህ የምንማረው፥ ጭምብል የሚጠብቀው ፊት ላይ ባለበት ሰዓት ብቻ ስለሆነ ምቾት እንደ ቅንጦት ሊቈጠር እንደማይገባው ነው። ስለዚህ ለሥራው ከሚበቁት ጭምብሎች መካከል ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ሊታገሠው የሚችለውን መምረጥ ያስፈልጋል።

ልዩ ልዩ የጭምብል ዓይነቶች

ነጠላ ወይም ሻሽ አፍ ላይ መጠምጠም ትልልቁን ሰጋቱራ ይከለክል ይሆናል እንጂ ረቂቁን ብናኝ አይከለክልም። ሐኪሞች የሚያደርጉት ስስ የቀዶ ሕክምና ጭምብልም በጎንና በጎን ክፍት ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይበቃም።

ለብናኝ ተብሎ የተሠራው ጭምብል ደረጃው በላዩ ላይ ታትሞ ይገኛል። በአውሮፓ ደንብ ኤፍ ኤፍ ፒ 1፥ ኤፍ ኤፍ ፒ 2 እና ኤፍ ኤፍ ፒ 3 የተባሉ ሦስት ደረጃዎች አሉ፤ ማጣሪያቸውም እንደ ቅደም ተከተላቸው ቢያንስ ከመቶ 80፥ 94 እና 99 እጁን ብናኝ ይይዛል። በአሜሪካ ደንብ የሚሠራውና እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ስሙ የገነነው ኤን 95 ከመቶ 95 እጁን ይይዛል። ሆኖም አየር በጠርዝ በኩል ጥቂት ሾልኮ ስለሚገባ፥ በእንግሊዝ አገር የሥራ ጤና ደንብ የሦስቱ ደረጃዎች ጥበቃ 4፥ 10 እና 20 እጥፍ ተብሎ ይታሰባል። ለእንጨት ብናኝ በዚያ አገር የሚመከረው ሦስተኛው ደረጃ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ከለስላሳ ላስቲክ የተሠራ፥ በግራና በቀኝ የሚለወጡ ማጣሪያዎች ያሉት ግማሽ ፊት የሚሸፍን ጭምብል ነው። ሲገዙት ዋጋው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ማጣሪያው ብቻ እየተለወጠ ለብዙ ጊዜ ስለሚያገለግልና ከፊት ጋር ደኅና አድርጎ ስለሚገጥም፥ ዘወትር ለሚሠራ አናጢ ይስማማል። ሦስተኛው በባትሪ በሚሠራ ማራገቢያ የተጣራ አየር ወደ ፊት የሚያመጣ ቆብ ነው። እርሱ ከሁሉ ይልቅ ለትንፋሽ ይቀላል፤ ዋጋው ግን ከሁሉ ይበልጣል።

በምርጫ ጊዜ የሚታዩ ነገሮች

1ኛ፤ ትንፋሽ። ማጣሪያው ሰፊ በሆነ መጠን ትንፋሽ ይቀላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ በእንዲህ ያለ ደጋ የሚሠራ ሰው ብዙ አየር መሳብ ስለሚያስፈልገው ይህን አስቀድሞ መመልከት ይገባዋል።

2ኛ፤ ሙቀትና ላብ። ትንፋሽ የሚያስወጣ ትንሽ ቫልቭ ያለው ጭምብል ሙቀቱንና እርጥበቱን ያስወጣል። ቫልቩ ግን የሚወጣውን ትንፋሽ ስለማያጣራ፥ ጉንፋን የያዘው ሰው ጓደኞቹን በዚህ ዓይነቱ ጭምብል ሊጠብቅ አይችልም።

3ኛ፤ ማሰሪያ። በጆሮ ላይ ከሚንጠለጠለው ይልቅ፥ አንዱ በአናት ሌላው ከጆሮ በታች በማጅራት የሚያልፉ ሁለት ማሰሪያዎች ያሉት ጭምብል ጆሮን አይቈርጥም፤ ከፊትም ጋር አጥብቆ ይገጥማል።

4ኛ፤ መነጽር። መነጽር በጉም የሚሸፈነው ትንፋሽ በአፍንጫ አጥንት በኩል ሲሾልክ ነው። በጭምብሉ ላይ ያለውን ቀጭን ብረት በሁለት እጅ ጣቶች ከአፍንጫ ቅርጽ ጋር ማስማማት ያስፈልጋል።

5ኛ፤ ልክ። የሰው ፊት እንደ እግሩ ልዩ ልዩ ልክ አለው። ለጎልማሳ የተሠራ ጭምብል ለወጣት ተማሪ ወይም ፊቷ ጠባብ ለሆነ ሴት ላይገጥም ይችላል። ልኩን ለማወቅ ጭምብሉን አድርጎ፥ በሁለት እጅ ሸፍኖ በኃይል አየር መሳብ ነው፤ ጭምብሉ ወደ ፊት ከተጠጋና በጠርዙ አየር ካልገባ ገጥሟል።

6ኛ፤ ጢም። በጭምብሉ ጠርዝ ሥር ጢም ካለ አየር ይሾልካል። ጢሙን የማይላጭ ሰው፥ አቅሙ ከፈቀደ፥ ከላይ የተጠቀሰውን ባለ ማራገቢያ ቆብ ይምረጥ።

7ኛ፤ ቀለምና ቫርኒሽ። የብናኝ ማጣሪያ የቫርኒሽንና የቲነርን እንፋሎት አያግድም። ለዚህ ሥራ በአውሮፓ ደንብ ቡናማ ምልክት ያለበት ልዩ ማጣሪያ ያስፈልጋል።

አያያዝ

ኤን አር የሚል ምልክት የታተመበት ጭምብል ለአንድ ቀን ሥራ ብቻ የተሠራ ነው። ማጣሪያውን ማጠብ ብናኝን የሚስብበትን ኃይል ስለሚያጠፋው አይገባም። ጭምብሉ ሲረጥብ፥ ሲቀደድ ወይም ትንፋሽ ሲከብድበት ይለወጥ። ከሥራ በኋላ በምስማር ላይ ቢሰቀል በውስጡ ብናኝ ስለሚያድርበት፥ በንጹሕ ከረጢት ወይም በክዳን ዕቃ ማስቀመጥ ይሻላል።

ለአሠሪዎችና ለአስተማሪዎች

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ ዕቃ እንዲሰጥና አጠቃቀሙንም እንዲያስተምር ያዛል። አንድ ዓይነት ጭምብል በጅምላ ገዝቶ ከማደል ይልቅ፥ ሁለት ሦስት ዓይነት አቅርቦ እያንዳንዱ ሠራተኛ የሚገጥመውንና የሚመቸውን እንዲመርጥ ማድረግ ገንዘቡን በከንቱ ከመጥፋት ያድናል። የእንጨት ሥራ አስተማሪም ትእዛዙን መኪናው ከመነሣቱ በፊት ቢሰጥ ተማሪዎቹ ለመነጋገር ብለው ጭምብላቸውን አያወልቁም። እርሱ ራሱ በአገጩ ላይ አውርዶት ከታየ ግን ተማሪዎቹ የሚከተሉት ቃሉን ሳይሆን ያዩትን ነው።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ከሰጋቱራና ከረቂቅ ብናኝ ጤናን አብልጦ የሚጎዳው የትኛው ነው? ስለ ምን?
2. ብናኙን ወደ አንድ ሃያኛ የሚቀንስ ጭምብል ያደረገ አናጢ ከ8 ሰዓት ሥራ ሁለቱን ሰዓት ቢያወልቀው ስንት እጅ ብናኝ ይተነፍሳል?
3. በትምህርት ቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ ባለው የእንጨት ሥራ ቤት ጭምብል የሚያወልቁ ሰዎች ምክንያታቸው ምንድር ነው? ለእያንዳንዱ ምክንያት ከዚህ ትምህርት መፍትሔ ፈልጉለት።