የወር አበባ ከባድ ሕመም፦ ከዝምታ ወደ ምርመራ

ቅዱስ ማርቆስ በወንጌሉ ምዕራፍ 5 የሁለት ሴቶችን ታሪክ አያይዞ ጽፎልናል። አንደኛዋ ለ12 ዓመታት ደም ሲፈስሳት የኖረች፣ በብዙ ባለ መድኃኒቶች እጅ የተንገላታችና ጥሪቷን ሁሉ የጨረሰች ናት። ሁለተኛዋ የኢያኢሮስ ልጅ ስትሆን ዕድሜዋ 12 ዓመት ነበር። ጌታችን ወደ ታመመችው ብላቴና ሲሄድ ሳለ ስለ ሴቲቱ መንገዱን ገታ። ሕዝቡ እየተጋፋው፣ የብላቴናዪቱም አባት በጭንቀት ላይ ሳለ፣ ሴቲቱ የሆነባትን ሁሉ በፊቱ እስክትናገር ድረስ ቆመ። ሊቃውንት ከዚህ ታሪክ ስለ እምነት ብዙ ያስተምሩናል። እኛ በዚህ ጽሑፍ አንዱን ፍሬ ብቻ እናነሣለን፤ ይኸውም ተሰውሮ የኖረ ሕመም እንዲታከም አስቀድሞ የሚናገረውና የሚሰማው ሰው እንደሚያሻው ነው።

12 ዓመት ብዙ ልጃገረዶች የወር አበባ የሚያዩበት ወይም የሚቃረቡበት ዕድሜ ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የሚሰማቸው ሕመም ምንም ቢበረታ «የሴት ወግ ነው»፣ «ስትወልጂ ይለቅሻል» እየተባለ ይታለፋል። በየወሩ ከትምህርት ገበታ የምትቀር ልጅ ሰነፍ ትባላለች። ባለ ትዳር የሆነች እንደሆነ ደግሞ ሕመሙ ለቤቷ መፍረስ ምክንያት እስከ መሆን ይደርሳል።

ምርመራ የሚያሻው ሕመም የትኛው ነው?

በወር አበባ የመጀመሪያ አንድና ሁለት ቀናት ከእንብርት በታች ቁርጠት መሰማቱ የተለመደ ነው። ማሕፀን ሲኮማተር የሚመጣ ሲሆን በሙቀትና በቀላል የሕመም ማስታገሻ ይታገሣል። ነገር ግን ሕመሙ መድኃኒት ተወስዶበት የማይታገሥ ከሆነ፣ ከትምህርት ወይም ከሥራ የሚያስቀር ከሆነ፣ ደሙ ከ7 ቀናት በላይ ከቆየ ወይም እጅግ ከበዛ፣ በሽንትና በዓይነ ምድር ጊዜ ወይም በግንኙነት ወቅት ሕመም ካለ፣ እንዲሁም ባልና ሚስት ለአንድ ዓመት ፈልገው ልጅ ካላገኙ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። የወር አበባዋ ቀርቶ ድንገተኛ ብርቱ ሕመም የያዛት፣ ራሷን የሳተች፣ ወይም ትኩሳትና መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽ የታየባት ሴት በዚያኑ ዕለት ወደ ጤና ተቋም ልትደርስ ያስፈልጋል።

ከሕመሙ በስተጀርባ የማሕፀን ዕጢ፣ የማሕፀንና የቱቦዎች ኢንፌክሽን ወይም ኢንዶሜትሪዮሲስ የተባለው ሕመም ሊኖር ይችላል። ኢንዶሜትሪዮሲስ የማሕፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማሕፀን ውጭ፣ ለምሳሌ በእንቁላል ማኅደር ወይም በአንጀት ዙሪያ ሲያድግ የሚከሰት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች መካከል 10 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም 190 ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑት ይህ ሕመም አለባቸው። በአልትራሳውንድ ሁልጊዜ ስለማይታይ «ምንም የለብሽም» የተባለች ሴት ሕመሟ እስካልተወ ድረስ ወደ ጽንስና ማሕፀን ሐኪም መላክ አለባት። ሐኪሙ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው በሆድ ላይ በሚከፈት ትንሽ ቀዳዳ በካሜራ የሚያይበት ላፓሮስኮፒ የተባለ ምርመራ አለ።

ሥርዓታችንና ሕክምናው

በወር አበባ ወቅት ወደ ቤተ መቅደስ አለመግባት የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ ለቅዱሱ ስፍራ የሚሰጥ ክብር ሲሆን ሴቲቱ ስለ ሕመሟ እንዳትናገር የሚከለክል አንዳች ነገር የለበትም። እንዲያውም ደሙ ስላልቆመላት ለወራት ከሥጋ ወደሙ የራቀች ሴት ጉዳይዋን መጀመሪያ የምታዋየው የንስሐ አባቷን ነው። በዚያች ሰዓት አባት «ሐኪም አይቶሻል ወይ?» ብሎ መጠየቁ ታላቅ አባትነት ነው።

ሕመሙን ሁሉ በዓይነ ጥላ ስም ጠቅልሎ ምርመራን ማዘግየትም ጉዳት አለው። ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም፤ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምንም መድኃኒትንም ከእግዚአብሔር ያደርጋቸዋልና።

ሁለት ጥንቃቄዎችን እንጨምር። እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች በባዶ ሆድ ሲወሰዱ ጨጓራን ይጎዳሉ፤ ስለዚህ የምትጾም ሕመምተኛ የንስሐ አባቷን ታማክር፣ አባትም ለድውያን በተፈቀደው ሥርዓት ይፍቱላት። እንዲሁም ሐኪም ለዚህ ሕመም የሚያዝዛቸው የሆርሞን መድኃኒቶች ለወሊድ መቆጣጠሪያ ከሚሰጡት ጋር አንድ ዓይነት ሊሆኑ ይችላሉ። ወላጆች ይህን አይተው በልጃቸው ላይ ክፉ ከማሰባቸው ወይም መድኃኒቱን ከማስጣላቸው በፊት ለምን እንደታዘዘ ሐኪሙን ይጠይቁ።

ሁሉን መናገር

ሐኪም ፊት በተቀመጡ ጊዜ ኀፍረት አንደበትን ይይዛል፤ የቀኑም ቁጥር ይጠፋል። ስለዚህ ከመሄድ በፊት ለ2 ወይም ለ3 ወራት መመዝገብ ይጠቅማል። ደሙ የጀመረበትና የቆመበት ቀን፣ በቀን የተለወጠው መጠበቂያ ወይም ጨርቅ ብዛት፣ ሕመሙ የሚሰማበት ስፍራ፣ ያስቀረው ሥራና የተወሰደው መድኃኒት ይጻፍ። መጻፍ የማትችል እናት የወሩን በዓላት ምልክት ታድርግ። በ21 በማርያም ጀምሮ በ27 በመድኃኔ ዓለም የቆመ ደም 7 ቀናት ፈስሷል ማለት ነው። ዑደቷ 28 ቀን የሆነ ሴት ደግሞ ቀጣዩን በሚመጣው ወር በ19 በገብርኤል ትጠብቃለች። ሕመሙ እጅግ የጸናባት ግን ምዝገባውን ሳትጠብቅ ትሂድ።

ልጅን ብቻዋን አንላካት፤ እናት፣ እኅት ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርት አብራት ትሂድ። ባልም ከሚስቱ ጋር ይሂድ፤ ሐኪሙ የሚናገረውን አብሮ የሰማ ባል ሚስቱን በመካንነትና በጥላቻ ለመክሰስ አይቸኩልም።

በተለያዩ ሀገራት የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ኢንዶሜትሪዮሲስ ከጀመረ በኋላ በትክክል እስኪታወቅ ድረስ ከ4 እስከ 12 ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ከእነዚህ ዓመታት የተወሰኑት በሕክምናው አስቸጋሪነት ያልፋሉ፤ የተቀሩትን ግን የምናሳልፋቸው እኛው በቤታችንና በአጥቢያችን በዝምታ ነው። በእጃችን ያለው ይህኛው ነውና ከዚህ እንጀምር።

ለውይይት

1. በአጥቢያችን አንዲት ልጅ ስለ ወር አበባ ሕመም ለማን መናገር ትችላለች?
2. በአቅራቢያችን ያለው ጤና ጣቢያ ወደ ጽንስና ማሕፀን ሐኪም የሚልከው ወዴት ነው?
3. ለመጓጓዣና ለምርመራ አቅም ያነሳትን ሴት ሰበካ ጉባኤያችንና ማኅበሮቻችን እንዴት ሊደግፏት ይችላሉ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር