ከሰል በውስጡ ምን ይዟል? የእንጨትና የድንጋይ ከሰል ይዘትና የሙቀት ኃይል

ከሰል የሚለው ስም በቋንቋችን ሁለት ነገሮችን ይሸከማል። አንዱ ከእንጨት በሰው እጅ የሚከሰለው፣ ሌላው ከምድር ተቆፍሮ የሚወጣው የድንጋይ ከሰል ነው። የሰበካ ጉባኤያት ለዝክር ማዕድ፣ ለእንግዳ ማረፊያና ለጸበልተኞች ማገዶ ሲመርጡ፣ እንዲሁም በአጸዱ የወደቀውን ዛፍ ለአክሳዮች እንዲሸጡ ሲጠየቁ፣ የሚወስኑበትን ነገር ይዘት አስቀድመው ያውቁ ዘንድ ይህን ትምህርት አዘጋጅተናል።

የሁለቱም መነሻ ዕፅ ነው። ፈጽሞ የደረቀ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ካርቦን፣ ከ40 በመቶ በላዩ ኦክስጅን፣ 6 በመቶ ገደማው ሃይድሮጅን ነው። ሙቀት የሚሰጡት ካርቦንና ሃይድሮጅን ናቸው። በእንጨቱ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ግን አስቀድሞ ከእነርሱ ጋር የተዋሐደ በመሆኑ ክብደት እንጂ ሙቀት አይጨምርም። እንጨት አየር ተነፍጎት ሲከሰል ውኃውና አብዛኛው ኦክስጅን ከጢሱ ጋር ይወጣሉ፤ የሚተርፈው ከ75 እስከ 90 በመቶ ካርቦን የሆነ ጥቁርና ቀላል ነገር ነው።

የድንጋይ ከሰልን ግን ምድር ራሷ በሚሊዮኖች ዓመታት አክስላዋለች። በረግረግ የተቀበረ ዕፅ በተጫነው ደለል ክብደትና በምድር ውስጥ ሙቀት እርጥበቱንና ኦክስጅኑን እያጣ ይጠነክራል። ቡናማውና ወጣቱ ሊግናይት ይባላል፤ ንዑስ ቢቱሚነስና ቢቱሚነስ ይከተላሉ፤ የመጨረሻው አንትራሳይት ነው። በአገራችን በያዩ፣ በደልቢ ሞዬና በጭልጋ የሚገኘው በአብዛኛው ከወጣቶቹ ወገን ነው። ከእንጨት ከሰል የሚለየው አመዱ መብዛቱ፣ ይልቁንም ድኝ መያዙ ነው። ድኝን ካህናት ከሰዶም ታሪክ ያውቁታል። ሲነድ ጉሮሮን የሚያንቅ ጋዝ ስለሚሆን የድንጋይ ከሰል ረጅም ጢስ ማውጫ ላለው የሲሚንቶ ፋብሪካ እንጂ ለወጥ ቤት ማንደጃ የሚሆን አይደለም።

አሁን ወደ ኃይሉ እንለፍ። መለኪያው ሜጋጁል ነው፤ አንድ ሜጋጁል 3 ሊትር ውኃን ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ለማሞቅ ይበቃል። አንድ ኪሎ በነፋስ የደረቀ እንጨት 15 ሜጋጁል ያህል ይሰጣል። ግማሽ ክብደቱ ውኃ የሆነ እርጥብ እንጨት ከ8 ብዙም አያልፍም፤ አንድ ኪሎ ውኃን በእንፋሎት ለማውጣት ብቻ ከ2 ሜጋጁል በላይ ይጠፋልና። ሊግናይት ከ10 እስከ 20፣ አንትራሳይት ከ30 በላይ፣ የእንጨት ከሰል ደግሞ 29 ገደማ አላቸው።

እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ከሰል በኪሎ ሲመዘን የእንጨትን እጥፍ ስለሚሰጥ ቆጣቢ ይመስላል። ነገር ግን ሒሳቡ ከጆንያው ሳይሆን ከዛፉ መጀመር አለበት። በአፈር በተሸፈነ ባህላዊ ክምር አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት 7 ኪሎ ያህል ደረቅ እንጨት ይጠፋል። ይህም ከ100 ሜጋጁል በላይ አስገብቶ 29 ማውጣት ነው፤ ቀሪው በሜዳ ጢስ ሆኖ ቀርቷል። የከሰል ማንደጃ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ሙቀቱን ለድስቱ በተሻለ እንደሚያደርስ አንክድም፤ ሆኖም በክምሩ የጠፋውን ሁሉ አይመልስም። ስለዚህ ለትልቅ ማዕድ የተፈለጠና ከክረምት በፊት በጣራ ሥር የደረቀ እንጨት፣ በተሻሻለ ምድጃ ሲነድ፣ ይሻላል እንላለን። ደብሮቻችን ጠብቀው ያቆዩት ጽድና ወይራ ቀስ ብለው የሚያድጉ ናቸው፤ የወደቀውን ብቻ እናከስላለን የሚል ውል በቆመው ላይ መጥረቢያ ያስከትላልና ጉባኤያት ይህን ደጋግመው ይመርምሩ።

የቀረው ነገር ከሁሉም ይከብዳል። ካርቦን በቂ አየር አግኝቶ ፈጽሞ ሲነድ በኪሎ 33 ሜጋጁል ገደማ ይሰጣል። አየር ካነሰው ግን 9 ያህል ብቻ ሰጥቶ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደም ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ስለሚጣበቅ ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል። ጢሱ ካለቀና ፍሙ ከቀላ አይጎዳም የሚለው ልማድ ፈጽሞ ስሕተት ነው፤ ጢስ የሌለው ቀይ ፍምም ይህን ጋዝ ያወጣል። በብርድ ወራት በራቸውን ዘግተው የሚያድሩ የአብነት ተማሪዎች፣ የአጸድ ጠባቂዎችና ጸበልተኞች ይህን ከአባቶች አንደበት ሊሰሙ ይገባል። ማንደጃ በመኝታ ክፍል አይደር። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው ፈጥኖ ወደ አየር ይውጣ፤ ከዚያም ወደ ሕክምና ይወሰድ። ለጽናው የሚሆነውንም ፍም ዲያቆናት በጠባብ ዕቃ ቤት ሳይሆን በቤተ ልሔሙ ደጅ፣ ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ ያቀጣጥሉት።