አንድ ስም፣ ብዙ ሾርባ

(ምንባብና የማነጻጸሪያ አንቀጽ አጻጻፍ)

ቀጥሎ የቀረበውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። በምታነቡበትም ጊዜ ተመሳሳይነት፣ ልዩነትና ምክንያት በምን በምን ቃላት እንደተገለጹ አስተውሉ።

ሀ. ምንባብ

የስላቭ ሕዝቦች የሚባሉት በአብዛኛው በምሥራቅ፣ በመካከለኛውና በደቡብ ምሥራቅ አውሮፓ የሚኖሩ፣ ቋንቋዎቻቸው ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ሕዝቦች ናቸው። ከእነርሱም መካከል ዩክሬናውያን፣ ሩሲያውያንና ፖላንዳውያን ቦርሽ የተባለውን ጎምዛዛ ሾርባ በጋራ ያውቁታል፤ ፖላንዳውያን ባርሽች ይሉታል። ስሙ በመጀመሪያ የአንድ የዱር ተክል መጠሪያ ነበር። የጥንት ሰዎች ተክሉን አብላልተው ሾርባ ይሠሩበት ነበር። ከጊዜ በኋላ ተክሉ ከማጀት ሲወጣ ስሙ በሾርባው ላይ ቀረ።

ዛሬ ቦርሽ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታሰበው የቀይ ሥር ቀለም ነው። ይሁን እንጂ ስሙ አንድ ቢሆንም ምግቡ እንደየስፍራው ይለያያል። በዩክሬን ቀይ ሥር፣ ጥቅል ጎመን፣ ድንችና ሥጋ አብረው ይቀቀላሉ፤ በነጭ ሽንኩርት የታሸ ለስላሳ ዳቦም ይቀርብበታል። በፖላንድ የገና ዋዜማ የሚቀርበው ባርሽች በአንጻሩ ኩልል ያለ ነው። ዋዜማው በልማድ ሥጋ የማይበላበት ዕለት በመሆኑ፣ እንጉዳይ የተጠቀለለበት ትንንሽ ሊጥ ይገባበታል፤ ቅርጹ ጆሮ ስለሚመስልም «ትንንሽ ጆሮዎች» ይባላል። እዚያው ፖላንድ ቀይ ሥር ጨርሶ የሌለበት፣ ከቦካ የስንዴ ዱቄት የሚሠራ «ነጭ ባርሽች» አለ። በዩክሬን ደግሞ ብርዱ አልፎ ቅጠል ሲያቆጠቁጥ፣ የእምቧጮ ዘመድ ከሆነ ተክል «አረንጓዴ ቦርሽ» ይሠራል። ቀለማቸው ቢለያይም ሁሉም ጎምዛዞች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2022 ሩሲያ በዩክሬን ላይ መጠነ ሰፊ ጦርነት ከከፈተች በኋላ፣ ዩኔስኮ የዩክሬንን የቦርሽ አሠራር ባህል አስቸኳይ ጥበቃ በሚያስፈልጋቸው ቅርሶች መዝገብ አስገባ። ሰዎች ከቀያቸው ሲፈናቀሉ፣ አትክልቱን አምርተው፣ አብስለውና አብረው ቀርበው የሚበሉበት ኑሮ ተናግቶ ነበርና ነው። ምዝገባው ግን ሾርባውን የአንድ ሕዝብ ብቻ አያደርገውም። የአንዱን ቅርስ መጠበቅ የሌላውን መካድ አይደለም።

ለ. ማብራሪያ

ሁለት ነገሮችን የሚያነጻጽር ጸሐፊ በመጀመሪያ የጋራ መሠረታቸውን ያስቀምጣል፤ ቀጥሎ ልዩነታቸውን፣ በመጨረሻም የልዩነቱን ምክንያት ይገልጻል። በምንባቡ ውስጥ የጋራው መሠረት ጎምዛዛነት ነው፤ የጾም ልማድ ደግሞ ከልዩነቱ ምክንያቶች አንዱ ነው። ለተመሳሳይነት «በጋራ»፣ «ሁሉም»፤ ለልዩነት «ይሁን እንጂ»፣ «በአንጻሩ»፤ ለምክንያት «በመሆኑ»፣ «ስለሚመስል» የሚሉት አገልግለዋል። «የእነ እገሌ ምግብ ይበልጣል» ማለት ግን ፍርድ መስጠት እንጂ ማነጻጸር አይደለም።

ሐ. መልመጃ

1. ቦርሽ የሚለው ስም ከተክል ወደ ሾርባ እንዴት እንደተሻገረ በራሳችሁ አባባል ግለጹ።

2. «ይሁን እንጂ»፣ «በአንጻሩ» እና «በመሆኑ» የሚሉትን እያስገባችሁ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች መሥርቱ።

3. በአገራችን እንጀራ ከጤፍ፣ ከገብስ ወይም ከማሽላ ይጋገራል። ከእነዚህ ሁለቱን መርጣችሁ የጋራ መሠረታቸውን፣ ልዩነታቸውንና የልዩነቱን ምክንያት የሚገልጽ አንድ አንቀጽ ጻፉ። የትኛው እንደሚሻል አትፍረዱ።