ከተማው ዝናብ፣ ተራራው በረዶ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲያትል ነው። የላኒኛ ክረምት ሲመጣ በካስኬድ ተራሮች የሚያልፈው የስኖኳልሚ መንገድ ይከብዳል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ፣ አብዛኛውን ጊዜ። ላኒኛ የሚባለው በምድር ወገብ አካባቢ የፓስፊክ ውቅያኖስ የላይኛው ውሃ ከወትሮው ሲቀዘቅዝ ነው። ያኔ የዋሽንግተን ግዛት ክረምት ወደ ቅዝቃዜና እርጥበት ያደላል፤ በካስኬድ ተራሮችም በረዶው ይበዛል። ሲያትል ባሕር ዳር ዝቅ ብላ ስለተቀመጠች ያው ደመና እዚያ ዝናብ ነው። 920 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ወዳለው የስኖኳልሚ መተላለፊያ ሲወጡ ግን ጠብታው መስታወትዎ ላይ እየወፈረ፣ መጥረጊያው ላይ እየተጋገረ ይሄዳል። የወቅት ትንበያ ዝንባሌን እንጂ ቀንን አይነግርም። ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት በረዶው ከየትኛው ከፍታ ጀምሮ እንደሚጥል የዕለቱን ትንበያ ይመልከቱ። የጎማ ሰንሰለትና ብርድ ልብስም ከመኪናዎ አይለይ።