ደካማ ጋላክሲን በትንሽና በትልቅ ቴሌስኮፕ ስለ መመልከት

በዚህ ጽሑፍ የምገልጸው በሰማይ ላይ ስላየሁት ነገር ብቻ ሳይሆን፥ ሳላይ «አየሁ» ስላልሁትም ነው።

በሦስት ማዕዘን የኮከብ ክልል ውስጥ ኤም 33 የሚባል ጋላክሲ ይገኛል። ፈረንሳዊው ሻርል ሜሲየ በ1764 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። ከእኛ ያለው ርቀት ወደ 3 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይጠጋል።

መምህራችን እንዳስተማሩን፥ በጨለማ የተከፈተ የዓይን ብሌን ስፋቱ 7 ሚሊሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ባለ 70 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ ከዓይን 100 እጥፍ፥ ባለ 200 ሚሊሜትር ደግሞ 800 እጥፍ ያህል ብርሃን ይሰበስባል። እኔም ይህን ሰምቼ «ትልቁ ካለ ምን ይሳነናል!» አልሁ።

በኅዳር ወር አንድ ምሽት በአዲስ አበባ፥ ከትምህርት ቤታችን ግቢ ሆነን በትልቁ ተመለከትን። ከጥቂት ከዋክብት በቀር ምንም አልታየኝም፤ ነገር ግን ጓደኞቼ «አየን» ስላሉ አፍሬ በደብተሬ «ታየ» ብዬ ጻፍሁ። መምህራችን «እስቲ ያየኸውን ሣለው» ቢሉኝ እጄ ቆመ።

እርሳቸውም ሳይቆጡ፥ ጥቂት ቀን ቆይተው ጨረቃ በሌለበት ሌሊት ከከተማ ርቆ ወደሚገኝ ገጠር ወሰዱን። ግማሽ ሰዓት በጨለማ ከቆየን በኋላ በትንሹ ቴሌስኮፕ ስመለከት፥ በመስተዋት ላይ እንደ ተነፈሱት እስትንፋስ ያለ ስስ ጉም አየሁ። ጥቂት ወደ ጎን ሲመለከቱ ይበልጥ ይታያል፤ የዓይን ዳር ደካማ ብርሃንን ከመካከሉ አብልጦ ያያልና። በትልቁ ደግሞ ሰፍቶ፥ መካከሉም ደመቅ ብሎ ታየ። ማጉሊያውን ከፍ ስናደርገው ግን ደበዘዘ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የዚህ ጋላክሲ ብርሃን ከሙሉ ጨረቃ በሚበልጥ ስፋት ላይ ተበትኗል። ትልቁ ቴሌስኮፕ የጋላክሲውን ብርሃን ሲሰበስብ፥ የከተማው መብራት ያፈካውን የሰማይ ብርሃንም አብሮ ይሰበስባል። ስለዚህ በከተማ ትልቁ ያልቻለውን፥ በጨለማ ስፍራ ትንሹ ቻለ።

በዚያው ሌሊት የቀድሞውን «ታየ» ሰርዤ «አልታየም» ብዬ አረምሁ፤ ከሥሩም ያየሁትን ጉም ሣልሁ። ይህን ያዩ ሁለት ጓደኞቼም «እኛም ያን ቀን አላየንም ነበር» ብለው ደብተራቸውን አወጡ።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፥ «አልታየም» ብሎ መጻፍ ነውር አይደለም። እኛ የጨለማን ጥቅም የተማርነው ከዚህ ቃል ነውና።